የኮንዶሚኒየም መዋጮ በምን ይተመን? ፓምፕ ተቃጥሎባት ለጠየቀች የአዳማ ገንዘብ ያዥ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ አዳማ ውስጥ ሁለት ብሎክና 40 ቤት ያለው ኮንዶሚኒየም ላይ ገንዘብ ያዥ ሆና ከተመረጠች ገና አራት ወሯ ነው። ከየቤቱ በወር 250 ብር ይሰበሰባል፣ ለሁለት ጥበቃ 7,000፣ ለፅዳት 2,000፣ ለፓምፑና ለደረጃው መብራት 1,500 ብር ይወጣል፣ ኮሙናሉን (የጋራ አዳራሹን) አልፎ አልፎ ለድግስና ለለቅሶ ያከራያሉ፣ ባንክ ያላቸው 11,000 ብር ነው። ጥር ላይ የውሃ ፓምፑ ተቃጠለ፣ አዲሱ 96,000 ብር ተባለ፣ ኮሚቴው ከየቤቱ 2,500 ብር አምጡ ሲል 26 ቤት ከፈለ 14 ቤት ደግሞ አልከፍልም አለ። ምድር ያሉት "ለኛ ውሃ ያለ ፓምፕም ይደርሰናል" አሉ፣ አንዳንዱም "እስከዛሬ ያዋጣነው የት ገባ?" አለ። ሰው እስካሁን ጀሪካን በ10 ብር እየገዛ ነው። "መዋጮው ስንት መሆን አለበት፣ በጀቱስ ከየት ተነስቶ ነው የሚሰራው?" ትላለች።

እህቴ፣ በመጀመሪያ "የት ገባ" ላሉት መልስ ልስጥሽ ምክንያቱም እሱ ሳይመለስ ሌላው ወሬ አይሰማም። 40 ቤት በ250 ብር 10,000 ብር ነው። የምታወጪው 7,000 ሲደመር 2,000 ሲደመር 1,500፣ 10,500 ነው። ማለትም ሁሉም ቤት አንድ ወር ሳያስቀር ቢከፍል እንኳን በየወሩ 500 ብር ትጎድላላችሁ፣ በአመት 6,000። ያንን ጉድለት ሲሸፍንላችሁ የኖረው የኮሙናሉ ኪራይ ነው፣ የቀረችውም 11,000 ከዛው የተረፈች ናት። ይሄን ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ ፅፈሽ በሁለቱም ብሎክ መግቢያ ለጥፊው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ደሞ ከተቻለ ካለፉት 12 ወራት የባንክ ስቴትመንት ጋር። ሰው የሚጠረጥረው ቁጥር ስላላየ ነው፣ አንቺ ላይ ክፋት ኖሮት አይደለም።

እኔ እዚሁ አዳማ ነው የምኖረው፣ ስራዬ ሂሳብ ነው፣ የጋራ ህንፃ ማህበራትን መዝገብ ስሰራና ኦዲት ሳደርግ ብዙ አመት ሆኖኛል። 250 ብሩ እንዴት እንደተወሰነ ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ። ስብሰባ ተጠራ፣ አንዱ 300 ይሁን አለ፣ አንዷ ጡረተኛ አለን አይሆንም 200 ነው የምንችለው አሉ፣ ሰአቱ ሄደ፣ ፀሀዩ በረታ፣ 250 ይሁን ተባለና ተጨበጨበ። በዛ ስብሰባ ላይ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ጣራው፣ ስለ ፍሳሽ ቱቦው ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ስለዚህ 250 ብር ሰዉ ሳይጣላ የተስማማበት ቁጥር ነው እንጂ ህንፃው የሚፈልገው ቁጥር አይደለም፣ ሁለቱ ደሞ እጅግ የተራራቁ ናቸው። በጀት የሚጀመረው ከህንፃው ነው። ህንፃው በአመት ስንት ይበላል ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ መዋጮው ከዛ ይወጣል። እኔ ከዚህ ሌላ ብዙ የምለው የለኝም፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የዚሁ ዝርዝር ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እስክሪብቶና ደብተር ያዢና ጎበዝ የቧንቧ ሰራተኛና የኤሌክትሪክ ሰራተኛ ይዘሽ ከጣራ እስከ ሴፕቲክ ታንክ ዙሪ። ኮሚቴው ብቻ ሳይሆን ከማይከፍሉት ሁለት ሰው ጋብዢ፣ በተለይ በጣም የሚጮኸውን። ጣራ ላይ ወጥቶ የቆርቆሮውን ምስማር በእጁ ነቅንቆ ያየ ሰው ወርዶ እንደ በፊቱ አይከራከርም፣ ይሄን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የምትፅፊው እያንዳንዱ የጋራ ነገር ምንድነው፣ ስንት ነው ብዛቱ፣ አሁን ቢቀየር ስንት ብር ነው፣ ስንት አመት ይቆያል የሚለውን ነው። ባለሙያው "ይሄ አምስት አመት ይሄዳል" ካለ አምስት ብለሽ ፃፊ፣ በትክክል አምስት ላይሆን ይችላል ግን ዜሮ ብሎ ከመተው ሺ ጊዜ ይሻላል።

ከዛ ወጪውን ለሁለት ክፈይው። አንደኛው የየወሩና የየአመቱ መደበኛ ወጪ ነው፣ ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው፣ ማለትም በብዙ አመት አንዴ የሚመጣ ግን መምጣቱ የማይቀር ትልቅ ወጪ። እናንተ ጋር ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው።

በናንተው ቁጥር እንስራው። ጥበቃ በአመት 84,000፣ ፅዳት 24,000፣ መብራት 18,000፣ ድምሩ 126,000 ብር። እዚህ ላይ የረሳችኋቸው አሉ። ሴፕቲክ ታንኩን በአመት ሶስቴ ብታስመጥጡና አንዱ 4,000 ቢሆን 12,000 ነው። ታንከሮቹንና የምድሩን ገንዳ ሁለቴ ማጠብ 5,000። አምፖል፣ የታንከር ፍሎት (ውሃው ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ)፣ የቧንቧ ቫልቭ፣ የበር ቁልፍ የመሳሰለው ጥቃቅን ጥገና በወር 1,500 ብትይዙ 18,000። ደረሰኝ ማሳተሚያ፣ የባንክ፣ ሂሳብ ለሚመረምር ሰው 7,000። ይሄ 42,000 ሲጨመር 168,000 ይሆናል። ላልታሰበ ደሞ 10 በመቶ ያዢበት፣ 16,800፣ ለምሳሌ አንዱ ጥበቃ ሲታመም ወይ አመት ፍቃድ ሲወጣ የሚተካው ሰው የሚከፈለው ከዚ ነው። ጠቅላላው 184,800 ብር በአመት፣ በወር 15,400፣ ለ40 ሲካፈል 385 ብር በቤት። አየሽ፣ ገና ጣራውንና ፓምፑን ሳንነካ 250ው አልበቃም።

አሁን መጠባበቂያው። የምፅፋቸው ዋጋዎች ለምሳሌ ናቸው፣ እናንተ ከሱቅና ከባለሙያ ሶስት ሶስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ሰብስባችሁ በራሳችሁ ቁጥር ትቀይሩታላችሁ። ፓምፕ 100,000 ብር ብለን 8 አመት ቢያገለግል በአመት 12,500 ማስቀመጥ አለባችሁ። ጣራ ላይ ያሉት ሮቶዎች፣ ማለትም የውሃ ታንከሮቹ፣ 8 ናቸው እንበል፣ አንዱ 25,000 ቢሆን 200,000፣ አርጅተዋልና የቀራቸው 5 አመት ነው ብንል በአመት 40,000። የጣራ ቆርቆሮና አሸንዳ 480,000፣ የቀረው 8 አመት፣ 60,000። የውጪና የደረጃ ቀለም 300,000 በየ6 አመቱ፣ 50,000። ከላይ እስከታች የሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ 240,000 በ10 አመት፣ 24,000። ዋናው የመብራት ቦርድና ኬብል 120,000 በ10 አመት፣ 12,000። ድምሩ 198,500 ብር በአመት ነው፣ በቤት በወር 414 ብር ገደማ። ከመደበኛው 385 ጋር ወደ 800 ብር ይጠጋል።

800 ብር ሲባል ስብሰባው እንደሚናወጥ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር በደንብ አስረጃቸው፣ ይሄ 414 ብር አዲስ ወጪ አይደለም። ጣራው ዛሬም እያረጀ ነው፣ ትናንትም አርጅቷል፣ ብትከፍሉም ባትከፍሉም ቱቦው በየቀኑ እያለቀ ነው። እስካሁን ሳትከፍሉ ስትጠቀሙበት ኖራችሁ ሂሳቡ ጥር ላይ በፓምፑ መልክ መጣ፣ ቀጥሎ በጣራው መልክ ይመጣል። የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም የሚባለው በክልል ከተሞች በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረ ስለሆነ በዛን ጊዜ የተሰሩት ብሎኮች አሁን ሀያ አመት ገደማ ሆኗቸዋል፣ ያ ማለት ሁሉም ነገር በተቀራራቢ ጊዜ የሚያልቅበት እድሜ ላይ ናቸው። ፓምፑ፣ ታንከሩ፣ ቱቦው አንድ ላይ ስለተገጠሙ አንድ ላይ ነው የሚደክሙት።

ጀሪካኑን አስቢው ደሞ። አንድ ቤት በቀን 8 ጀሪካን ቢገዛ 80 ብር ነው፣ በወር 2,400። ፎቅ ላይ ሆኖ 2,500 ብር አልከፍልም ያለ ሰው እሱን የሚጠጋ ብር በአንድ ወር ውስጥ ለባጃጅና ለጋሪ ከፍሎ ጨርሷል፣ ውሃውም አልገባለትም። ይሄን በስብሰባው ላይ አንድ ሰው ተነስቶ ይናገረው፣ ከነዋሪው መሀል ቢሆንና ከኮሚቴው ባይሆን ይመረጣል።

ፓምፑን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለምን እንደተቃጠለ ጠይቁ፣ ይሄን ሳልልሽ ባልፍ ያሳዝነኛል። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የምድሩ ገንዳ ሲደርቅ ፓምፑ ባዶውን እየዞረ ይግላል ከዛ ይቃጠላል። ወይ ደግሞ ከሶስቱ ፌዝ (የመብራት መስመሮች) አንዱ ሲጠፋ ሞተሩ እያጓራ ይቆይና ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ኮይሉ፣ ይነዳል። ገንዳው ሲጎድል የሚያጠፋ ፍሎትና ፌዝ ሲጎድል የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ እሱ ሳይገጠም አዲስ ፓምፕ ማስገባት 96,000 ብሩን ለሁለተኛ ጊዜ ለማቃጠል መዘጋጀት ነው። የድሮውንም አትጣሉት፣ ሪዋይንድ አስደርጉትና፣ ማለትም ሽቦውን እንደገና አስጠምጥሙትና፣ ተጠባባቂ ይሁን። ዋጋው የናረበትንም ምክንያት ለሰው ንገሪ፣ ፓምፕ ከውጪ የሚገባ እቃ ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በአጭር ጊዜ ዶላሩ ከ57 ብር ከ100 አልፏል፣ ስለዚህ "የዛሬ ሶስት አመት በርካሽ ነበር እኮ የገዛነው" የሚለው ክርክር አያስኬድም። ለዚህም ነው የመጠባበቂያው ሰንጠረዥ በየአመቱ እንደገና ዋጋ መጠየቅ ያለበት። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ለአመታት 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል፣ የእቃ ዋጋ ደሞ በዛ ልክ ብቻ አይጨምርም፣ አንዴ ተሰልቶ የተቀመጠ መዋጮ በሁለት በሶስት አመት ውስጥ ከህንፃው ኋላ ይቀራል።

ወደ ምድር ቤቶቹ ልምጣ። "ፓምፕ አያስፈልገኝም፣ ጣራም አያገባኝም" ይላሉ። መልሱን ለመስጠት ወደ መታጠቢያ ቤታቸው መሄድ ነው። የፍሳሽ ቱቦው ታች ላይ ሲዘጋ የአምስቱም ፎቅ ፍሳሽ የሚወጣው በማን ቤት ነው? በምድር ቤቱ ሽንት ቤት ነው። የላይኞቹ "ታች ለተዘጋው ምን አገባን" ቢሉ ምድር ያለው ሰው እግሩ ስር ሲፈላ ማን ይደርስለታል? ጣራው ሲያፈስም ውሃው አራተኛ ፎቅ ላይ አይቆምም፣ በግድግዳው ወርዶ የመብራት መስመር ውስጥ ይገባል። አንዱ ከአንዱ ወጪ ራሱን ማውጣት ከጀመረ ህንፃው በፎቅ በፎቅ ተከፋፍሎ ይፈርሳል። ህጉም በዚሁ መንፈስ ነው የተፃፈው፣ የጋራ ህንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤት የሆነ ሰው ለጋራ ወጪ ማዋጣትን ግዴታው ያደርጋል፣ ፓምፕ እጠቀማለሁ አልጠቀምም የሚል ምርጫ አልሰጠውም።

ያው ግን ምድር ቤቶቹ አንድ እውነት አላቸው፣ እኩል መክፈል ሁልጊዜ ፍትሃዊ አይደለም። 25 ካሬ ስቱዲዮ ያለው ሰውና 70 ካሬ ባለ ሶስት መኝታ ያለው ሰው ለጣራው እኩል ይክፈሉ ማለት ይከብዳል። እኔ የምመክረው ጥበቃና ፅዳቱን፣ በአጠቃላይ መደበኛውን በቤት እኩል፣ መጠባበቂያውን በካሬ ነው። የሁሉም ቤት ድምር 1,800 ካሬ ነው እንበል፣ 198,500 ለ1,800 ሲካፈል በአመት በካሬ 110 ብር ከምናምን ይመጣል። ባለ 25 ካሬዋ ስቱዲዮ በወር 230 ብር፣ ባለ 70 ካሬው 643 ብር ይደርሰዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ብዙ ጊዜ ጡረተኛና ጀማሪ ሰራተኛ ስለሆኑ ይሄ ጫናውን በደንብ ያቀልላቸዋል። የካሬው መጠን ካርታው ላይ አለ፣ መከራከሪያ የለውም። የድርሻው ስሌት በማህበሩ ሰነድና መተዳደሪያ ደንብ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ግን መጀመሪያ አንብቡ፣ ደንቡ ሌላ ካለ ኮሚቴው በራሱ አይቀይረውም፣ ጠቅላላ ጉባኤ ነው።

ምድር ላይ ሱቅ ካላችሁ ደሞ ለብቻ አስቧቸው። ፀጉር ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት የሚያወጣው ፍሳሽ ከአንድ ቤተሰብ ጋር አይወዳደርም፣ ሴፕቲኩን የሚሞሉት እነሱ ከሆኑ የማስመጠጫውን ድርሻ ጨምረው ይክፈሉ፣ ዘይት በቱቦው እንዳይደፉም ይፈርሙ።

ተከራዮች ጉዳይ ላይ ብዙ ኮሚቴ ይሳሳታል። ተከራዩን በር ላይ ቆሞ "2,500 አምጣ" ማለት ልክ አይደለም፣ ነገ ለቆ ለሚሄድ ሰው የሌላ ሰው ንብረት ጣራ አይጫንበትም። መደበኛውን፣ ማለትም ጥበቃ ፅዳት መብራቱን የሚጠቀመው እሱ ነውና እሱ ይክፈል ቢባል ያስኬዳል፣ መጠባበቂያው ግን የባለቤቱ ነው ምክንያቱም ቤቱ ሲሸጥ ዋጋ የሚያወጣለት ለባለቤቱ ነው። በአዋጅ 1320/2016 የቤት ኪራይ ውል በፅሁፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ተደንግጓል፣ ስለዚህ ውሉ ላይ የትኛውን ማን እንደሚከፍል አንድ መስመር ማስገባት ነው። አዲስ አበባ ወይ አረብ ሀገር ወይ አሜሪካ ያሉ ባለቤቶችን በቴሌግራም አንድ ግሩፕ ውስጥ ሰብስቢያቸው፣ የባንክ ስቴትመንቱንና የጣራውን ፎቶ ላኪላቸው። ከነዋሪው ቀድመው የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፣ የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

አሁን ገንዘቡ የት ይቀመጥ የሚለው። እዚህ ላይ እባክሽ እህቴ በጣም ተጠንቀቂ። ሂሳቡን ስሰራለት የነበረ አንድ ማህበር ነበር፣ ያልተመዘገበ፣ ገንዘቡን የሚይዘው እጅግ ታማኝ ሰው ነበር፣ በራሱ ስም በከፈተው የቁጠባ ደብተር ያስቀምጥ ነበር፣ አንድ ሳንቲም አልነካም። ድንገት አረፈ። ብሩ በህግ የሟች ሆነ፣ ሚስትየዋ ሀዘን ላይ ሆነው የወራሽነት ማስረጃ ፍርድ ቤት ማውጣት ነበረባቸው፣ ልጆቹ ምን ያህሉ የአባታቸው ምን ያህሉ የጎረቤት እንደሆነ አያውቁም፣ ነዋሪው ደግሞ ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ብር ማውራት አቃተው። ብሩ እስኪመለስ አመት ከምናምን ፈጀ፣ የዛ ቤተሰብና የጎረቤቶቹ ግንኙነት ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። እኔ ቀደም ብዬ አካውንቱን ቀይሩ ብዬ አጥብቄ ባለመናገሬ እስካሁን ይቆጨኛል። ማህበራችሁ ካልተመዘገበ ይመዝገብ፣ ሲመዘገብ የህግ ሰውነት ያገኛል፣ በራሱ ስም አካውንት ይከፍታል፣ በራሱ ስም ይከሳል ይከሰሳል። ሶስት ፈራሚ ይኑር፣ ሊቀመንበር ፀሀፊና አንቺ፣ ለማውጣት ሁለቱ ይበቃሉ፣ ፈራሚዎቹ ግን ባልና ሚስት ወይ እህትማማች አይሁኑ።

አካውንቱ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ለመደበኛ አንዱ ለመጠባበቂያ። አንድ ላይ ከሆነ የመጠባበቂያው ብር ለጥበቃ ደመወዝ ሲጎድል "ለዚህ ወር ብቻ" ተብሎ ይነካል፣ ሚያዝያ ላይ ደሞ ይደገማል፣ ከዛ የለም። ከመጠባበቂያው ላይ ማንም በምንም ምክንያት አይበደርም፣ እቁብ አይደለም፣ ተራ የሚደርሰው ሰው የለም። የሚወጣው በዝርዝሩ ላይ ለተፃፈ እቃ ብቻ ነው፣ ከተወሰነ ብር በላይ ከሆነም ጉባኤ ያፅድቀው። የኮሙናሉ ኪራይ በቀጥታ ወደ መጠባበቂያው ይግባ። መደበኛውን መዋጮ ለመቀነስ ስትጠቀሙበት የኖራችሁት እሱ ነው ነገሩን የሸፈነባችሁ።

ጥሬ ብር አትቀበዪ። በባንክ ወይ በቴሌብር ይግባ፣ የቤት ቁጥሩን ምክንያት በሚለው ቦታ ይፃፉበት። አንዳንድ እናቶች ስልኩ አልሆን ይላቸዋል፣ ለነሱ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይዘሽ ፊት ለፊታቸው ቆርጠሽ ስጪ፣ በማግስቱ አስገቢው። ለጥቃቅን ወጪ እጅሽ ላይ 3,000 ብር ይበቃል፣ እሱ ሲያልቅ ደረሰኞቹን አያይዘሽ ሌላ 3,000። በየወሩ መጨረሻ አንድ ገፅ ትለጥፊያለሽ፣ ስንት ገባ፣ ለምን ወጣ፣ ባንክ ስንት ቀረ፣ ከታች የቤት ቁጥር በረድፍ ተፅፎ የከፈለውም ያልከፈለውም። የሰው ስም አትፃፊ፣ "ተበዳሪ" የሚል ቃልም አትጠቀሚ። እድር ላይ ማንም ሰው ሳያስቀር የሚከፍለው ድንኳኑንና ወንበሩን በአይኑ ስለሚያየው፣ ሲቸግረውም እንደሚደርስለት ስላየ ነው፣ ያንን ማየት ነው ግድግዳው ላይ የምትለጥፊው።

የማይከፍል ሰው ውሃ ይቆረጥበት የሚል ሀሳብ ሳይመጣ አይቀርም። አይሆንም። ቤቱ ውስጥ ህፃን አለ፣ በሽተኛ አለ፣ ምናልባትም ከፍሎ የጨረሰ ተከራይ አለ፣ ደሞ በራሳችሁ እጅ ፍርድ መስጠት ነው። ደንቡ ላይ የሚከፈልበት ቀን፣ ከስንት ወር በኋላ ማስጠንቀቂያ እንደሚፃፍ፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ይስፈር። ከዛ ሽማግሌ፣ ካልሆነ ማህበሩ በስሙ ክስ። ክሱ የሚያሸንፈው ግን ቃለ ጉባኤው በደንብ ከተያዘ ነው፣ ስብሰባው መቼ ተጠራ፣ ስንት ሰው ተገኘ፣ ምን ተወሰነ፣ ፊርማ። የቸገራት ጡረተኛ ካለች ለብቻዋ አናግሪያት፣ በጉባኤ ፊት አታቁሚያት፣ በትንሽ በትንሽ የምትከፍልበትን ወረቀት አብራችሁ ፃፉ።

800 ብሩን በአንዴ አታምጪው። ዘንድሮ መደበኛውን ወደ 385 አድርሱትና የመጠባበቂያውን ግማሽ፣ 207 ብር በአማካይ ጀምሩ፣ ከሐምሌ 1 አመቱን ሙሉ፣ በሚቀጥለው ሐምሌ ወደ ሙሉው። ጉባኤው ግንቦት ላይ ይሁን፣ ክረምቱ ሳይገባ አሸንዳው ይፀዳል፣ የላላው ቆርቆሮ ይመታል። እዚህ ያለው ነፋስ ቀልድ አይደለም፣ ከተማችን ዳር ያሉት ሁለት የነፋስ ሀይል ጣቢያዎች አንዱ 51 አንዱ 153 ሜጋዋት የሚያመነጩት በዚሁ በጣራችን ላይ በሚያልፈው ነፋስ ነው፣ በጋውን ሙሉ ምስማሩን ሲያላላ ከርሞ ሐምሌ ላይ ዝናቡ በዛ ቀዳዳ ይገባል። ከጥቅምት እስከ ጥር አንድ ጊዜ፣ ግንቦት አንድ ጊዜ ሰው ጣራ ላይ ማውጣት በበጀቱ ይያዝ፣ ከ480,000 ብሩ ላይ አመታት ይጨምርላችኋል። ቆርቆሮ ከማስቀየር በፊት ምስማር ማስመታት፣ ይሄ ነገር ሁሌም ይረሳል።

አሁን ለተያዘው ችግር። ከ26ቱ ቤት 65,000 አላችሁ። ባንክ ያለውን 11,000 አትንኪው፣ እሱ የጥበቃዎቹ የመጋቢት ደመወዝ ነው፣ የሚጠብቋችሁ ሰዎች ደመወዛቸው አንድ ቀን መዘግየት የለበትም። ሻጩን 65,000 ከፍለን ቀሪውን 31,000 በሁለት ወር እንስጥህ ብላችሁ በፅሁፍ ተስማሙ፣ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ጠይቁ፣ ፍራንኮ አካባቢም ፖስታ ቤት አካባቢም ጠይቁ፣ ሶስት ፕሮፎርማ ሳይኖር አትግዙ። ለ14ቱ 2,500 ብሩን በአምስት ወር 500 500 አድርጉላቸው፣ 35,000 ብር ነው፣ የሻጩን ቀሪ ሸፍኖ 4,000 ይተርፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚገባው 14,000 ብቻ ስለሆነ የቀረውን 17,000 ከኮሙናሉ ኪራይ ለጊዜው ሸፍኑትና ሲገባ መልሱ፣ ይሄም በቃለ ጉባኤ ይፃፍ። ኪራዩ ካልበቃ ሻጩን አምስት ወር ለምኑት።

ለ26ቱ ደሞ ዛሬ ነገ ሳትይ ደረሰኝ ቁረጪላቸው፣ "ለመጠባበቂያ የተከፈለ" ብለሽ። ቀድመው የከፈሉት ሰዎች የዋህ ተደረግን ብለው እንዳያስቡ ያስፈልጋል፣ የሚቀጥለውን ጥሪ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ፕሮፎርማዎቹን ስትሰበስቢ የፓምፑን ሀይል በፈረስ ጉልበትና የሚገፋበትን ከፍታ አፅፊያቸው፣ ለአምስት ፎቅ የማይበቃ ፓምፕ በርካሽ የገዙ አውቃለሁ፣ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ውሃው ቆመባቸው።